የሲክል ሴል በሽታን በመቁረጫ ኢንዛይም መለየት

ባክቴሪያዎች የወራሪ ቫይረስን ዲ ኤን ኤ የሚቆራርጡባቸው ኢንዛይሞች አሏቸው። ሬስትሪክሽን ኢንዛይም በመባል የሚታወቁት እነዚህ ፕሮቲኖች በዘፈቀደ አይቆርጡም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱ የሆነ የፊደላት ቅደም ተከተል አለው። ይህ ጠባያቸው በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን ለመመርመር አገልግሏል፤ ለዚህም የሲክል ሴል በሽታ ጥሩ ማሳያ ነው።

በዚህ በሽታ በቤታ ግሎቢን ዘረ መል ስድስተኛ ኮዶን ላይ ጂ-ኤ-ጂ የነበረው ጂ-ቲ-ጂ ይሆናል፤ በዚህም ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ይተካል። ኤም ኤስ ቲ 2 የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ሲ-ሲ-ቲ፣ ቀጥሎ ማናቸውንም አንድ ፊደል፣ ከዚያም ኤ-ጂ-ጂ ያለበትን ቦታ ይቆርጣል። ጤናማው ዘረ መል ሲ-ሲ-ቲ-ጂ-ኤ-ጂ-ጂ ስለሚል ይቆረጣል፤ የሲክል ዘረ መል ግን ሲ-ሲ-ቲ-ጂ-ቲ-ጂ-ጂ ስለሆነ ሳይቆረጥ ያልፋል። ቁርጥራጮቹ በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደየርዝመታቸው ሲለዩ፣ ከጤናማው ወደ 1,150፣ ከሲክሉ ወደ 1,350 ጥንድ ፊደላት ያለው ቁራጭ ይታያል። የበሽታው ተሸካሚ ሁለቱንም ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ካንና ዶዚ የተጠቀሙበት ዘዴ ከዘረ መሉ አጠገብ ባለ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ቀጥተኛ አልነበረም። ለውጡን ራሱን የሚያነበው ከላይ የተገለጸው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1982 ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሳይኪና ባልደረቦቹ ዘረ መሉን አስቀድሞ በፒ ሲ አር በማባዛት፣ እጅግ አነስተኛ ናሙና እንዲበቃ አደረጉ።

ሆኖም ኢንዛይሙ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ቦታ ይቆረጣል ወይስ አይቆረጥም? አለመቆረጡ ሁልጊዜ የበሽታ ምልክት አይደለም። ኢንዛይሙ ሥራውን ካልጨረሰ የጤናማ ሰው ናሙና የተሸካሚን ይመስላል፤ ስለዚህ ጤናማነቱ የታወቀ ዲ ኤን ኤ አብሮ መቆረጥ አለበት። መቆረጡም ፍጹም ማረጋገጫ አይሆንም። በሄሞግሎቢን ሲ ጂ-ኤ-ጂ ወደ ኤ-ኤ-ጂ ቢለወጥም፣ የተለወጠው ፊደል ኢንዛይሙ ማናቸውንም ከሚቀበልበት ስፍራ ላይ ስለሚውል ቦታው ይቆረጣል። በመሆኑም ከአንዱ ወላጅ የሲክልን፣ ከሌላው የሄሞግሎቢን ሲን ዘረ መል የወረሰ ጽንስ በእርግጥ ታማሚ ሆኖ ሳለ ተሸካሚ ብቻ ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

በቅድመ ወሊድ ምርመራ ጊዜ ቤተሰብ ከባድ ውሳኔ የሚወስነው በዚህ ውጤት ተመርኩዞ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ወላጆች የሄሞግሎቢን ዓይነት አስቀድሞ በኤሌክትሮፎሬሲስ ሊታወቅ፣ ኢንዛይሙም ከዚያ በኋላ ሊመረጥ ይገባል።