የእጅ ራዲዮ አሠራርና ጥቅም



ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው ርቀት ቀጥታ ሲለካ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ በመኪና ለሚሄድ ሰው አጭር መንገድ ነው፤ አስቸኳይ ቃል ለሚጠብቅ ሰው ግን እጅግ ረጅም ነው። እንዲህ ያለውን ርቀት ለማሳጠር ከተፈለሰፉት መሣሪያዎች አንዱ ዎኪ ቶኪ የሚባለው የእጅ ራዲዮ ስለ ሆነ፣ ዛሬ አሠራሩንና ጥቅሙን በአጭሩ እናስረዳለን።

በየቤታችን ያለው ራዲዮ የምንሰማበት እንጂ የምንናገርበት አይደለም። የእጅ ራዲዮ ግን ማሠራጫውንም መቀበያውንም በአንድነት ይዟል። ተናጋሪው ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ማይክሮፎኑ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ማሠራጫውም በራዲዮ ሞገድ ላይ ጭኖ በአንቴናው ይልከዋል። በዚያው ሞገድ ላይ የተቃኘ ሌላ መሣሪያ ተቀብሎ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ሽቦም ሆነ የስልክ ማማ አያስፈልግም። ዳሩ ግን መናገሪያውና መስሚያው ሞገድ አንድ ስለ ሆነ፣ ቁልፉ እንደ ተጫነ መስማት አይቻልም፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢናገሩም የሁለቱም ቃል ይበላሻል። ስለዚህ መናገርም ማዳመጥም በተራ ነው።

ይህ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራና የምድር ክብነት ያግዱታል። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ የሚደርሰው ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሜዳው 100 ሜትር ከፍ ካለ ኮረብታ ላይ ግን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። የጎጃም ገበሬ ማዶ ያለውን ሰው ሲጣራ ጉብታ ላይ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ደጃፋቸው ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎችም በመካከል ከከፍታ ላይ ቃል ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ካልቆመላቸው በእጅ ራዲዮ መነጋገር ይቸግራቸዋል።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም በዚሁ አገር ታሪክ ይታያል። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር መጨረሻ የፋሺስት ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ መንገድ ላይ ተጋፈጠው። ከኋላ የሚከታተለው ወገንና ከፊት የቆመው ሻለቃ እንደ ልብ የሚነጋገሩበት የእጅ ራዲዮ አልነበራቸውም። በዚያው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር 16 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በጀርባ የሚታዘል ራዲዮ ለወታደሮቹ አደለ። እየሄዱ መናገር የሚል ትርጉም ባለው ዎኪ ቶኪ በሚለው ስም ይጠራ ነበር።

ዛሬ መሣሪያው በአንድ እጅ ይያዛል። ለፖሊስ፣ ለአደጋ ሠራተኞች፣ ለመንገድና ለመብራት ሠራተኞች ይጠቅማል፤ ይልቁንም የስልክ ሞገድ በማይደርስበት ሸለቆ ወይም መብራት ጠፍቶ ማማው ሥራ ባቆመ ጊዜ። አንድ ሰው የተናገረውን በዚያ ሞገድ ላይ ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ መስማታቸው ለሥራ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ለምሥጢር አይሆንም። በአገራችን ሞገድን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነውና፣ ያለ ፈቃድ መገልገል አይገባም።

በመጨረሻም፣ የሚናገር ሰው አሳቡን አስቀድሞ ያሰናዳ፤ የቦታ ስምና ቁጥር ይድገም። ቡሬ ብቻ ቢባል ከተማው ይሁን ገጠሩ አይለይም፤ አምቡላንስም ወደ ተሳሳተ ስፍራ ሊሄድ ይችላል። መሣሪያው የሚያደርሰው ድምፅን ነው፤ ድምፁን ግልጽ መልእክት የሚያደርገው ግን ተናጋሪው ነው።