የእሸቱ ጥቁረት

መስከረም ጠብቶ የባቄላው እሸት ሲደርስ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስሄድ ሐይቅ ከተማ ላይ ሳልወርድ አላልፍም። አንድ ጊዜ ከአምባሰል ደጋ ከወረዱ እናት እሸት ገዝቼ እዚያው ቆሜ ስፈለፍል ጣቶቼ ጠቆሩ። «ልጄ፣ እሱ በሳሙናም ቶሎ አይለቅ» አሉኝ።

ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። በእሸቱ ውስጥ ሌቮዶፓ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ቅርፊቱ ተሰብሮ አየር ሲያገኘው ሜላኒን ወደሚባል ጥቁር ቀለም ይለወጣል። በሰው መካከለኛ አንጎልም በዓይን የሚታይ ጥቁር ቦታ አለ፤ ያጠቆረውም የዚሁ ሜላኒን ዘመድ ነው። የዚያ ቦታ ሕዋሳት ሌቮዶፓን ወደ ዶፓሚን እየቀየሩ እንቅስቃሴያችንን ያቃናሉ። በፓርኪንሰን ሕመም እነሱ ሲሞቱ ጥቁሩ ቦታ ይገረጣል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ይከብዳል። ዶፓሚኑን ራሱን ቢሰጡት ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል።

ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ስዊዘርላንድ ውስጥ ሌቮዶፓን ከባቄላ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። 2.5 ግራም ራሱ ውጦ አስመለሰው። እ.ኤ.አ. በ1961 በርክማየርና ሆርኒኪቪች ቪየና ላይ ለሕሙማን በደም ሥር ሲሰጡት ግን መነሳት ያቃታቸው ተነስተው ተራመዱ። በሽታውን ባያቆመውም እስከ ዛሬ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው።

ይህን ሳወራ «ታዲያ ሽሮ እየበላን አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ሌቮዶፓ የሚበዛው በለጋው ቅርፊት፣ በቅጠሉ፣ በአበባውና ጎንቁል በምንለው የበቀለ ባቄላ ነው። በደረቀው ፍሬ እጅግ ያንሳል፤ መቀቀሉ ደግሞ ይብሱን ይቀንሰዋል። እኛ ፍሬውን በልተን ሀብታሙን ቅርፊት ለከብት እንጥላለን።

ከዚህ የከፋው ስህተት ግን የሌቮዶፓ ክኒንን መተው ነው። የማውቃቸው አዛውንት «ተፈጥሯዊው ይሻለኛል» ብለው መድኃኒታቸውን አቁመው እሸት ያዙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከወንበር መነሳት አቃታቸው። በእሸት ያለው መጠን ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ የባቄላው ፕሮቲንም ሌቮዶፓ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይሻማል። በዘር የሚወረስ የኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ደግሞ ባቄላ ሲበላ ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል።

አገራችን በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ የምትጠቀስ ናት። ስለዚህ የእርሻና የሕክምና ተመራማሪዎቻችን የየደጋውን ዘር እየለዩ የትኛው ሌቮዶፓ እንደሚበዛበት ይመርምሩልን። ሕመሙ ያለባችሁ ወገኖቼም እሸቱን ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ክኒናችሁን አታቋርጡ።