የከተማውን አሮጌ ሕንፃ ማን ያድሰዋል? ማንስ ይከፍላል?

በአካባቢዎ ለዓመታት የተዘጋ የመንግሥት ሕንፃ ይኖር ይሆናል። ከተማው ለማደሻ ገንዘብ የለውም፤ ቅርስ በመሆኑ ደግሞ ማፍረስ አይችልም። አንዱ መፍትሔ ለትርፍ ካልቆመ ድርጅት ጋር መዋዋል ነው፤ ማለትም ገቢውን ለሥራው ከሚያውልና ለባለቤቶች ከማያከፋፍል ተቋም ጋር።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ13ኛውና በኬ ጎዳናዎች ጥግ የቆመውን የፍራንክሊን ትምህርት ቤት እንመልከት። የተከፈተው በ1869 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1880 በአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሙከራ ድምፅ በብርሃን የተላከው ከዚህ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነበር። በኋላ የቤት አልባዎች መጠለያ ሆነ፤ በ2008 ተዘጋ።

ታዲያ ከተማው ሸጠው? አልሸጠውም። ለረጅም ጊዜ አከራየው። ሕንፃውም መሬቱም የከተማው ናቸው፤ አድሶ የሚገለገልበት ግን ተከራዩ ነው።

ተከራዩ እንዴት ይመረጣል? ከተማው «ምን ልትሠሩበት አስባችኋል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ብሎ ያወዳድራል። በ2014 አንድ የሥነ ጥበብ ተቋም ተመርጦ ነበር። በ2015 ግን አዲሷ ከንቲባ የገንዘቡ ነገር ስላላሳመናቸው ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2017 ፕላኔት ወርድ የተባለ የቋንቋ ሙዚየም ተመረጠ፤ በ2020 ተከፈተ።

ወጪውን ማን ሸፈነ? በዋናነት ሙዚየሙ ራሱ ያሰባሰበው ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃን ለሚያድስ ሰው ድጋፍ አለው፦ ከማደሻው ወጪ 20 በመቶ ያህሉ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይቀነስለታል። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ግን አብዛኛውን ጊዜ የገቢ ግብር ስለማይከፍል፣ ከዚህ ለመጠቀም ግብር ከፋይ ሸሪክ ያስፈልገዋል።

የድሮ ሕንፃ እድሳት ለምን ውድ ይሆናል? የፍራንክሊን ውጩም ውስጡም በሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ደረጃውን ወይም ግድግዳውን እንደፈለጉ መንቀል አይቻልም። አሳንሰርና የእሳት መከላከያ ግን የግድ ይገባሉ፤ ያለነሱ ሕዝብ አይገባበትም።

እድሳቱ አንድ ጊዜ ነው፤ ጥበቃው፣ መብራቱ፣ ኢንሹራንሱና የጣሪያ ጥገናው ግን በየዓመቱ ይከፈላል። ስለዚህ በሰፈርዎ እንዲህ ያለ ውል ለሕዝብ ውይይት ከቀረበ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጣሪያው ቢያፈስ የሚጠግነው ማን ነው? ድርጅቱ ቢዘጋ ሕንፃው በምን ሁኔታ ይመለሳል? የአካባቢው ሰው የሚገባበት ቀንና ዋጋስ በውሉ ላይ ተጽፏል?