የነርስነት ትምህርት ዋጋ፦ የሚያዋጣው መንገድ የትኛው ነው?

ከመርካቶ እምብዛም በማይርቀው አብነት ልጁን ነርስ ለማድረግ የሚያስብ ነጋዴ በቅድሚያ የሚጠይቀው “ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አያዋጣም። ትምህርትም እንደ ሸቀጥ ሁሉ የሚመዘነው በመግዣ ዋጋው ሳይሆን ገበያ እስኪደርስ በሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው።

ሦስት መንገዶች

አንደኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው ድርሻውን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እያስቆረጠ ስለሚከፍል ለወላጅ ኪስ የሚቀለው ይኸው ነው። ችግሩ የበሩ መጥበብ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው በግል ኮሌጅ እየከፈሉ የአራት ዓመቱን ዲግሪ መማር ነው። ሦስተኛው በቴክኒክና ሙያ ሠልጥኖ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፎ ሥራ ከያዙ በኋላ በደመወዝ ዲግሪውን መቀጠል ነው። ጊዜ ቢወስድም መነሻ ካፒታል ላነሰው ቤተሰብ ይስማማል።

በውጭ አገር ነርስ በማስተርስ ተምሮ በሽተኛ መርምሮ መድኃኒት እስከማዘዝ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው የጤና መኮንን ሙያ ሲሆን፣ ሥልጠናው በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተጀመረ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ዓላማው ይህ የሆነ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ይወስን።

ሒሳቡ

በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ዲግሪ ነርስ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለበት።

ለምሳሌ አንዱ ኮሌጅ በወር 2 ሺህ፣ ሌላው 3 ሺህ ብር ያስከፍላሉ እንበል። በዓመት 10 ወር ለአራት ዓመት ሲሰላ ልዩነቱ 40 ሺህ ብር ነው። የርካሹ ምሩቅ ፈተና ወድቆ አንድ ዓመት ቢቀመጥ፣ ደመወዙ 4 ሺህ ብር ብቻ ነው ቢባል እንኳ 48 ሺህ ብር ያጣል። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ኮሌጁ ለዚያው ካምፓስና ለዚያው የትምህርት ዘርፍ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘው ፈቃድ፣ ከምሩቃኑ ስንቱ ፈተናውን እንዳለፉ፣ ተማሪዎቹ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚለማመዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ለምዝገባ መቸኮል አይበጅም።