ያውቁ ኖሯል? ትውከትን የሚያስታግሰው ዕፅ ትውከትን ያመጣል

ካናቢስ (ማሪዋና) አእምሮን የሚያደነዝዝበት ቲኤችሲ የተባለው ንጥረ ነገር፣ ሰው ሠራሽ ቅጂው በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የካንሰር መድኃኒት የሚያስከትለውን ማቅለሽለሽ እንዲያስታግስ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ዕፁን ለዓመታት አዘውትረው በሚያጨሱ አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ፍጹም ተቃራኒውን ያስከትላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የደቡብ አውስትራሊያ ሐኪሞች በጥናት የገለጹት ይህ ሕመም፣ «የካናቢኖይድ ሃይፐርኤሜሲስ ሲንድረም»፣ ማለትም በካናቢስ ሳቢያ እየተመላለሰ የሚነሣ ብርቱ ትውከት፣ ሰውነትን ውሃ አሳጥቶ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። እጅግ የሚያስገርመው ምልክቱ ሕመምተኞቹ በቀን ደጋግመው በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ለጊዜው የሚሻላቸው መሆኑ ነው፤ ይህም ልማድ (ለወትሮው ማንም ከበሽታ የማይቆጥረው) ለሐኪሙ ሁነኛ ፍንጭ ሆኗል። ሕመሙ በዘላቂነት የሚወገደው ዕፁን ጨርሶ በመተው ነው።