ያውቁ ኖሯል? ከተዋጠ በኋላ የሚሆነው

ቡና ጉልበት አይጨምርም። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን በእሱ ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ የትም አልሄደም፤ መልእክቱ ብቻ ነው ያልደረሰን።

ያ ካፌይን ደግሞ ቶሎ አይወጣም። በጤነኛ ሰው ግማሹ እስኪወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጡት ቡና፣ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ካፌይኑ ገና ሰውነትዎ ውስጥ ነው ማለት ነው። አጫሾች ፈጥነው ያስወግዱታል፤ መውለጃዋ የተቃረበ ነፍሰ ጡር ግን 3 እጥፍ ያህል ጊዜ ሊወስድባት ይችላል።

የጫት ነጋዴ የሚጣደፈው በምክንያት ነው። ለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ ቅጠሉ እየጠወለገና እየደረቀ ሲሄድ ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ካቲኖን አሠራሩ የአምፌታሚን ዓይነት ነው፤ ነርቮች ያከማቹትን ዶፓሚን ያስለቅቃል። ምርቃና የሚባለው ስሜት እንግዲህ ከቃሚው ከራሱ ክምችት የወጣ ነው። ለጨብሲ የሚጠጣው መጠጥም ካቲኖኑን ከደም አያስወጣውም። ሰውነት ሁለቱንም አንድ ላይ ይሸከማል።

ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ይበቃዋል። ሲጋራን ለመተው አስቸጋሪ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ፍጥነት ነው።

አንጎላችን ሞርፊንን የሚቀበል ልዩ ቦታ እንዳለው በ1973 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የሰው አንጎል ከአበባ ለሚገኝ ነገር ለምን ቦታ ያዘጋጃል? መልሱ ብዙ አልቆየም። በ1975 ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ፣ አንጎል ራሱ የሚሠራውን ሕመም አስታጋሽ ከአሳማ አንጎል ለይተው አወጡ። ቦታው የተዘጋጀው ለዚያ ነበር፤ ሞርፊን ተመሳስሎ ነው የሚገባው።

ለተቅማጥ የሚታዘዘው ሎፔራማይድም የሞርፊን ዘመድ ነው። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ግን የአንጎል መከላከያ ወደ ውስጥ ስለማያሳልፈው ሥራው አንጀት ላይ ይቀራል።

አሁን የምነግርዎ በየቤቱ ቢታወቅ እወዳለሁ። ለሳልና ለሕመም የሚሰጠው ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው፤ የሚያስታግሰው ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ለዋጩ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ አንዳንድ ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረ መል ተደራርቦ ይወርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይኑን በጥድፊያ ወደ ሞርፊን ይቀይራል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን እሱን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ይህ ድርብርብ ዘረ መል ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ይበረታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አሳስቧል። ለጎረቤት ልጅ የታዘዘ የሳል ሽሮፕ ለእርስዎ ልጅ እንዳይሆን የምለምንዎ ለዚህ ነው።

የቲቢ መድኃኒቱ ራይፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ አያስደንግጥዎ። የጉበትን ሥራ አፋጥኖ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንን ኃይል ማሳጣቱን ግን ለሐኪምዎ ሳያነሡ አይለፉ።

ፓራሲታሞል የዋህ ይመስላል። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የመጨረሻው ልክ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ነው። ጉበት ከመድኃኒቱ ጥቂቱን ወደ መርዝ ይለውጥና ወዲያው በግሉታቲዮን ያመክነዋል፤ ልኩ ሲያልፍ ግሉታቲዮኑ ያልቅበታል። ክፋቱ፣ በመጀመሪያው ቀን ሕመምተኛው ደህና መስሎ ሊውል ይችላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ማርከሻ አለው፤ አሴቲልሲስቲን ይባላል፤ ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር እጅግ ጥሩ ይሠራል። ከልክ በላይ የዋጠ ሰው ካለ፣ እስኪያመው ሳይጠብቁ ሆስፒታል ያድርሱት፤ የኪኒኑንም ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።