ከቀለሙ በፊት ክብደቱ

ጸደይ በገባ ቁጥር፣ ዳላስ አጠገብ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በምሸጥበት ሱቅ፣ የአገራችን ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ቀለም ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ትንንሽ የጎማ ማባበያዎች እያዩ «ክራፒ የትኛውን ይወዳል?» ይሉኛል፤ ክራፒ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ስለ ውኃው እጠይቃለሁ፦ የትኛው ሐይቅ ነው የምትሄዱት? ደፍርሷል ወይስ ጠርቷል? ሙቀቱስ?

የክራፒ ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው በውኃው ሙቀት ነው። የብርዱን ወራት ጥልቁ ውስጥ፣ በሰመጡ ዛፎችና በድልድይ ምሰሶዎች ዙሪያ ተሰብስቦ ያሳልፋል። ውኃው ሞቅ ሲል ወደ ዳር ይጠጋል፤ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ሰሜን ቴክሳስ ውስጥ ይህ በአብዛኛው ማርችና ኤፕሪል ላይ ነው። ጎጆውን የሚያበጀው ወንዱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ጥልቁ ስትመለስ እሱ መልኩ ጠቁሮ ጥበቃ ላይ ይቀራል።

ማባበያውም ከዚሁ ጋር ይለወጣል። ውኃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ዓሣው አሯሩጦ የሚበላበት ጉልበት የለውም፤ ያን ጊዜ ሚኖ የምንላትን ትንሽ ሕያው ዓሣ አፉ አጠገብ ማንጠልጠል ይሻላል። ጎጆ የሚጠብቀው ወንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ርቦት ሳይሆን የመጣበትን ለማባረር ነው። ለእሱ ጂግ፣ ማለትም ጭንቅላቱ እርሳስ የሆነ መንጠቆ፣ ይበቃል፤ ለሚኖ ገንዘብ አውጡ አልልም።

ሐዋሳ ያደጉና ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ አባት «የኔ ልጅ፣ ትል የላችሁም?» አሉኝ። ቆሮሶ በትል ሲያጠምዱ ነው የኖሩት። «አለ አባባ፤ ግን ክራፒ ካደገ በኋላ የሚያሳድደው ትንንሽ ዓሣ ነው፤ ትሉን ሌሎች ዓሦች ቀድመው ይጨርሱብዎታል» አልኳቸው። ሚኖዋን ከጀርባ ክንፏ ሥር፣ አከርካሪዋን ሳይነካ በቀጭን መንጠቆ እንዴት እንደሚወጉ አሳየኋቸው። አከርካሪዋ ከተነካ ወዲያው ትሞታለች፤ በደንብ ከተወጋች ግን ቆይታ ትዋኛለች። መንጠቆው ቀጭን እንዲሆን የምመክረው እንጨት ሲይዘው ተቃንቶ ስለሚወጣ ነው፤ በጣት መልሶ ማጠፍ ይቻላል።

አሁን ወደ ጂጉ ክብደት ልምጣ፤ ሰው ችላ የሚለው እሱን ነውና። የክራፒ ዓይን ወደ ላይ ለማየት የተመቸ ነው፤ የሚበላውም ከበላዩ ያለውን ነው። ከባድ ጂግ ፈጥኖ አልፎት ይወርድና ከሥሩ ይቀራል፤ እዚያ ደግሞ ፈልጎ አይወርድም። ስለዚህ ዳር ላይ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ብዙ በማይበልጥበት፣ 1/32 አውንስ፣ ማለትም አንድ ግራም የማይሞላ ጂግ ከተንሳፋፊ በታች አስራለሁ። ነፋስ ከተነሣ ወይም ጥልቀቱ ከጨመረ 1/16 አውንስ። ቀለም የምመርጠው ከዚህ በኋላ ነው፦ ለደፈረሰ ውኃ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ፣ ለጠራ ውኃ ነጭ ወይም ብርማ ግራጫ።

ተንሳፋፊውን ደግሞ በደንብ እዩት። ሁሉም ሰው እስኪሰምጥ ይጠብቃል። ክራፒ ግን ማባበያውን ይዞ ወደ ላይ ሲነሣ ክሩ ይላላና ቆሞ የነበረው ተንሳፋፊ በጎኑ ይተኛል። ያኔ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው፤ የአፉ ቆዳ ስስ ስለሆነ ብትመነጭቁት ይቀደዳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በሁዳዴ ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ጾም ዓሣ ስለማንበላ አጥምደው፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይተው ለፋሲካ በረዶ ቤት የሚያስቀምጡ ደንበኞች አሉኝ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ልኩን አትርሱ። በቴክሳስ አጠቃላይ ደንብ አንድ ሰው በቀን የሚይዘው እስከ 25 ክራፒ ነው፤ ከ10 ኢንች፣ ማለትም ከ25.4 ሴንቲ ሜትር ያጠረው ወደ ውኃው ይመለሳል። የተለየ ደንብ ያላቸው ሐይቆች ስላሉ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ሚኖ የገዛ ሰው ባልዲው ላይ ይጠንቀቅ። የቧንቧ ውኃ በክሎሪኑ ይገድላቸዋል፤ ከቧንቧ ውኃ የተሠራ በረዶም እንዲሁ። ውኃውን ለማቀዝቀዝ፣ ውስጡ በረዶ የሆነ የታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክተቱበት። ከሐይቁ ስትወጡ ደግሞ የባልዲውንና የጀልባውን ውኃ እዚያው አፍስሱ። ዜብራ መስል የሚባለው ባዕድ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት በ2009 በቴክሶማ ሐይቅ ከተገኘ ወዲህ ወደ ሌሎች ሐይቆችም ተዛምቷል፤ እጮቹ በዓይን ስለማይታዩ በባልዲ ውኃ ይጓዛሉ። ከ2014 ጀምሮ ውኃውን ማፍሰስ በመላው ቴክሳስ ግዴታ ነው። የተረፉትን ሚኖዎች ይዛችሁ መመለስ ከፈለጋችሁ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ የተጨመረበት ውኃ ከቤት በጄሪካን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠብታው ሱቃችን አለ።